አሥሯ ዶላር

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ያለ ምክንያት ሆድ ብሶኝ ነበር። መስታወት ፊት ስቆም በግንባሬ ዳር የተሰለፈው ሽበት ካለፈው ሳምንት ይልቅ የበዛ መሰለኝና፣ ልጆቹን ለአባታቸው ትቼ እትዬ ወ. ወደሚሠሩበት፣ እዚህ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ፀጉር ቤት ሄድኩ። በመንገድ ላይ ሳለሁ ማታ ስለ ዕድሜ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ ነበር፤ ስመለስ ግን ልቤን የያዘው ሌላ ነገር ሆነ።

ሒሳቡ 120 ዶላር ነበር። ፀጉሩን እየከፈሉ ሥር ሥሩን መቀባት፣ ቀለሙ እስኪይዝ 40 ደቂቃ ያህል መጠበቅ፣ ማጠብና በፎን ማድረቅ ተደምሮ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጅቷል። በዚህ አገር ለእንዲህ ያለ ሥራ ከ15 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ መስጠት ከግዴታ የማይተናነስ ልማድ ሲሆን፣ ፀጉር ለምታጥበው ልጅም ለብቻዋ ጥቂት ዶላር ይሰጣል። ለእርሷ 5 ዶላር ሳስጨብጣት ቅንጣት አላመነታሁም፤ እርሷም ፈገግ ብላ ኪሷ ከተተችው። የካርድ መክፈያው 18፣ 20 እና 25 በመቶ የሚሉ ሦስት ምርጫዎች ደርድሮ ሲቀርብልኝ ግን፣ እትዬ ወ. አጠገቤ ቆመው ዓይናቸውን ሆን ብለው ወደ መስኮቱ ሲመልሱ፣ ጣቴ አየር ላይ ቀረ።

የጨነቀኝ የገንዘቡ መጠን አልነበረም። እትዬ ወ. በታናሽ አክስቴ ዕድሜ የሚገኙ ሴት ናቸው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ገንዘብ የሚያስጨብጠው ታላቅ ነው እንጂ ታናሽ አይደለም። በዚያ ላይ ወንበሩን ከፀጉር ቤቱ ባለቤት ተከራይተው የሚሠሩት ለራሳቸው ነው፤ ዋጋውን የሚቆርጡትም እርሳቸው ናቸው። የድሮው የአሜሪካኖች ወግ ለባለቤት ጉርሻ አይሰጥም ይል ነበር፤ ዛሬ ብዙዎች ትተውታል። ለመሆኑ ወንበር ተከራይ ባለቤት ነው ወይስ ሠራተኛ? መቶኛው የሚሰላው ከጠቅላላው ሒሳብ ስለሆነም (ይህን ያሰብኩት እዚያው ቆሜ መሆኑ ያሳፍረኛል) ለቀለሙ ቱቦ ጭምር ጉርሻ ልሰጥ ነው ማለት ነው።

እናቴ ፒያሳ ፀጉሯን ስትሠራ፣ ከካስክ ወጥታ ቢጎዲኑ ከተፈታላት በኋላ፣ አንዲት የብር ኖት በጣቶቿ መካከል አጣጥፋ በሠራተኛዋ ሽርጥ ኪስ ትሸጉጥና «ለሻይ ናት» ትል ነበር። ስንት እንደሆነ ሠራተኛዋም አታይም፣ እኔም አላይም፤ ጨዋነቱ ያለው እዚያ አለማየት ውስጥ ነበር። ጉርሻ የሚለው ቃል እኮ ከመሶብ ዙሪያ የመጣ ነው፤ በእጅ ጠቅልለው ሰው አፍ ውስጥ የሚያኖሩት ነው። ከእንጀራው 18 በመቶ ለክታ ያጎረሰችኝ አክስት የትኛዋ ናት?

በመጨረሻ 20ን ተጫንኩ። መሣሪያው 24 ዶላር ጨምሮ ደረሰኝ ሲተፋ፣ የሰጠው እርሱ እንጂ እኔ አልመሰለኝም። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» የሚባለው ትዝ ብሎኝ 10 ዶላር አጣጠፍኩና እንደ እናቴ በሽርጣቸው ኪስ ልሸጉጥ ስሞክር እትዬ ወ. እጄን ያዙኝ።

«ተይ እንጂ የኔ ልጅ፣ ከፍለሽ የለ እንዴ?» አሉና ገንዘቡን መልሰው ካፖርቴ ኪስ ከተቱት። «ለልጆቹ ከረሜላ ግዢበት።»

እኔም ጎንበስ ብዬ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ፤ በገዛ 10 ዶላሬ ተመርቄ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

አሁን ከእኩለ ሌሊት አልፏል፤ ባለቤቴ ማታ «ደክሞሻል» ከማለት በቀር ስለ ፀጉሬ ያለው ነገር የለም። ሥሩ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ እዚያው ወንበር ላይ መቀመጤ አይቀርም። አሥሯ ዶላር ኪሴ ውስጥ ናት። ከረሜላ ብገዛባት እትዬ ወ. ልጆቼን አጎረሱ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ መስታወታቸው ሥር ሸጉጬ ብሮጥስ፣ በዚህ ዕድሜዬ እየተሯሯጡ ከበር ላይ ይመልሱኝ ይሆን?