ሁለት ካሜራ ከድሬዳዋ እስከ ጀጎል

በዚህ ጉዞ ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ካሜራ አለ፤ ሶኒ ኤ7 ፎር እና ፉጂፊልም ኤክስ-ቲ 5። አንዱ ይገዛል፣ ሌላው ይቀራል። መንገዱ ከድሬዳዋ ተነስቶ ደንገጎን ሽቅብ ወጥቶ፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፎ ሐረር ይገባል፤ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አጭር ቢሆንም ካሜራ የሚፈተንበት ነገር ሁሉ በዚህ መንገድ ላይ አለ፦ የድሬ ፀሐይና አቧራ፣ የጀጎል ጠባብ መንገድ፣ የሐረሪ ቤት ውስጥ ጨለማ፣ ማታ ደግሞ ከግንቡ ውጪ ጅብ።

ወረቀት ላይ ያለውን ቶሎ ልጨርሰው። ሶኒው በ2021 ሲወጣ ያለ ሌንስ 2,499 ዶላር ነበር፤ ፉጂው በ2022 ሲወጣ 1,699 ዶላር። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እዚህ ሲደርሱ ዋጋቸው ሌላ ነው፤ ርካሹም ውዱም ግን ቦታ አይለዋወጡም። ሶኒው ባለ 33 ሜጋፒክስል ሙሉ ፍሬም (ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ ትልቁ) ሲሆን ከነባትሪውና ካርዱ 658 ግራም ይመዝናል። ፉጂው ባለ 40 ሜጋፒክስል ኤፒኤስ-ሲ (ሴንሰሩ ከዚያ ያነሰ) ነው፤ 557 ግራም። ሁለቱም እጅ ሲንቀጠቀጥ ሴንሰሩን የሚያረጋጋ አሠራር፣ ሁለት የካርድ ቦታና 3.69 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ቪውፋይንደር (ዓይን ተጠግቶ የሚያይበት መስኮት) አላቸው። የሜጋፒክስሉን ልዩነት እርሱት፤ ከሁለቱም ግድግዳ የሚሞላ ህትመት ይወጣል።

ድሬዳዋ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ፀሐዩ ነው። ከዚራ ሰፈር ከዛፎቹ ጥላ ወጥቶ ወደ ድሮው ባቡር ጣቢያ ሲኬድ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ብርሃኑ ከላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የቆየውን የፎቶግራፈሮች ስሌት እንያዝ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ማለትም አፐርቸሩ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል፤ ሹተር ብርሃን የሚገባበት ጊዜ፣ አይኤስኦ ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት ነው)፦ በጠራ ፀሐይ ኤፍ 16 ላይ የሹተሩ ፍጥነት አንድ ለአይኤስኦው ተካፍሎ የሚመጣው ሰከንድ ይሆናል። የፉጂው ዝቅተኛ አይኤስኦ 125 ነው። ስለዚህ ኤፍ 16 ላይ 1/125፤ ሌንሱን እስከ ኤፍ 2 ስንከፍት ስድስት ስቶፕ (አንዱ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ያደርጋል) ነውና 1/8000 ይመጣል። የሁለቱም ካሜራ ሜካኒካል ሹተር የመጨረሻ ፍጥነቱ ይኸው 1/8000 ነው። ከኋላ ነጭ የተቀባ ግንብ ካለ ደግሞ ይህም አይበቃም። ኤፍ 1.4 ሌንስ ይዞ በቀን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ሶስት ስቶፕ የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር (ሌንሱ ላይ የሚገጠም ጠቆር ያለ መስታወት) አብሮ ይግዛ። ፉጂው በኤሌክትሮኒክ ሹተር እስከ 1/180000 ይሄዳል፤ ለቆመ ሰው ጥሩ ነው። የሚሮጥ ባጃጅ ግን በዚህ መንገድ ሲነሳ ይንጋደዳል። ምክንያቱ ሴንሰሩ ምስሉን ከላይ ወደ ታች በመስመር በመስመር ስለሚያነበው፣ ታችኛው መስመር ሲደርስ ባጃጁ ቦታ ቀይሮ ይቆያል። በሁለቱም ካሜራ ይህ ንባብ ቀርፋፋ ነው። ደንገጎ ላይ ከመኪና መስኮት የሚነሱ የመብራት ምሰሶዎች ዘንበል ብለው የሚወጡትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከመኪና ሲነሳ ሹተሩ ሜካኒካል ላይ ይሁን።

ፀሐዩ ውስጥ ጠቆር ያለ ፊት ከነጭ ግድግዳ ፊት ሲቆም፣ ካሜራው ግድግዳውን አይቶ ፊቱን ያጨልመዋል። ኤክስፖዠር ኮምፔንሴሽኑን (የብርሃን ማስተካከያውን) ከ+0.7 እስከ +1 ማድረግና በሮው (ካሜራው ባልሠራበት ጥሬ ፋይል) ማንሳት ነው መፍትሔው። ፉጂው የብርሃኑን ጫፍ የሚያድን ዲአር የሚባል አሠራር አለው፤ ዲአር 200 እንዲሠራ አይኤስኦ ቢያንስ 250፣ ዲአር 400 እንዲሠራ ደግሞ 500 መሆን አለበት። አይኤስኦው 125 ላይ ተቀምጦ እያለ ይህን ምርጫ ፈልገው የሚያጡ ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አቧራው ሁለተኛው ነው። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በደረቅ ወቅት በነፋስ ይነሳል፤ ቀፊራ ገበያ አካባቢም ከእግርና ከጎማ ሥር የሚነሳው ደቃቅ ነው። ሶኒው ካሜራው ሲጠፋ ሹተሩን ዘግቶ ሴንሰሩን የሚሸፍን ምርጫ ሜኑው ውስጥ አለው፤ እንደተገዛ የሚከፈት የመጀመሪያው ነገር እሱ ይሁን። ሌንስ ሲቀየር ካሜራውን አጥፍቶ፣ አፉን ወደ ታች አድርጎ፣ ጀርባን ለነፋሱ ሰጥቶ ነው። በአፍ እፍ ማለት ክልክል ነው፤ ምራቅ ሴንሰር ላይ ከደረቀ በጎማ ነፊ አይለቅም። በፉጂው መንገድ ላይ ሌንስ ባይቀየር ይሻላል። ለዚህ 16-80 ሚሊ ሜትር ኤፍ 4 ሌንስ (440 ግራም) ከአቧራና ከእርጥበት የተከለለ በመሆኑ ቀኑን ሙሉ ይይዛል። ብዙ ሰው የሚወደው 18-55 ግን ቀላልና ጎበዝ ቢሆንም መከለያ የለውም፤ አካሉ ተከልሎ ሌንሱ ካልተከለለ ጥቅሙ ግማሽ ነው።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር። ሁለቱም አምራቾች የሥራ ሙቀት ጣሪያ ብለው የጻፉት 40 ዲግሪ ነው። የድሬ የግንቦት ቀን ወደዚያ ይጠጋል፤ ጥቁር ካሜራ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ከአየሩ በላይ ይሞቃል። ፎቶ ብቻ ከሆነ ችግር የለም። ረጅም 4ኬ ቪዲዮ ከሆነ በሁለቱም ሜኑ ውስጥ በሙቀት የሚጠፋበትን ደረጃ ከ«ስታንዳርድ» ወደ «ሃይ» መቀየር፣ ስክሪኑን ከጀርባው ገለጥ አድርጎ አየር እንዲያገኝ መተውና በቀረጻ መሃል ጥላ መፈለግ ነው።

ሐረር ከድሬ ብዙ መቶ ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ አየሩም ብርሃኑም ይለወጣል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መቃብሮች እንዳሉት ተጽፏል። ይህ ሁሉ እንዲያ ባለች ጠባብ ግቢ ውስጥ ስለታጨቀ መንገዱ ጠባብ ነው፤ ወደ ኋላ የሚፈገፈግበት ቦታ የለም። በሙሉ ፍሬም ቆጠራ 35 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ እዚህ ቦታ ልክ ነው፤ 50 ብዙ ጊዜ ይጠብባል። ለፉጂው ይህ ማለት 23 ሚሊ ሜትር ነው።

የሁለቱ ካሜራ ንጽጽር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «ፉጂ ቀላል ነው» ይባላል፤ በ23 ኤፍ 2 (180 ግራም) ሲታይ እውነት ነው፤ ካሜራና ሌንስ በድምሩ 737 ግራም ይሆናል። ሶኒው ከ35 ኤፍ 1.8 (280 ግራም) ጋር 938 ግራም ነው። ግን ሁለቱ እኩል ብርሃን አልያዙም። የሶኒው ሴንሰር በስፋት የፉጂውን 2.3 እጥፍ ያህል ነው፤ በተመሳሳይ አፐርቸር ከአንድ ስቶፕ ትንሽ የበለጠ ብርሃን ይሰበስባል። ፉጂውን ወደ ሶኒው ለማስጠጋት 23 ኤፍ 1.4 (375 ግራም) ሲደረግበት ድምሩ 932 ግራም ይመጣል። ክብደቱ እኩል ሆነ ማለት ነው! የቀረው የብርሃን ልዩነት ግማሽ ስቶፕ ያህል ነው። ዋጋው ግን እኩል አልሆነም፦ በወጡበት ዋጋ የፉጂው ሌንስ 900 ዶላር ገደማ፣ የሶኒው 750 ገደማ ስለሆኑ ፉጂው ከነሌንሱ 2,600፣ ሶኒው 3,250 አካባቢ ይሆናል። 650 ዶላር ይተርፋል። ስለዚህ ካሜራ ከካሜራ ሳይሆን ካሜራ ከነሌንሱ ነው መነጻጸር ያለበት፤ ሱቅ ሲገባ ሁለቱንም ድምር ወረቀት ላይ ጽፎ መግባት ያስፈልጋል።

መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎቹ መደዳ፣ ሱቆቹ ውስጥ ያለው መብራት ሌላ ፈተና ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲና ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ሹተሩ 1/250 ከሆነ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች ይጋደማሉ ወይም አንዱ ፎቶ ደማቅ ሌላው ደብዛዛ ይሆናል። 1/100 ወይም 1/50 ከሆነ ይጠፋል። ለቪዲዮም ያው ነው፤ በሴኮንድ 25 ፍሬም በ1/50 ይቀረጽ። ፉጂው ላይ 25ን መምረጥ ብቻ በቂ ነው፤ ሶኒው ላይ ግን መጀመሪያ ሜኑው ውስጥ የቪዲዮ ሥርዓቱን ከኤንቲኤስሲ ወደ ፓል መቀየር ያስፈልጋል፤ ካልሆነ 25 የሚለው ከነጭራሹ አይታይም።

የሐረሪ ባህላዊ ቤት ውስጥ ደግሞ ብርሃን የሚገባው በዋናነት በበሩ ነው። ነደባው (ከፍ ብሎ የተሠራው መቀመጫ) ላይ የተቀመጠ ሰው ግማሽ ፊቱ ብሩህ፣ ግማሹ ጨለማ ይሆናል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌትና ሳህን ደግሞ ወደ ጥላው ይገባል። ማረጋጊያው እዚህ ዋጋ አለው። ፉጂው እስከ 7 ስቶፕ፣ ሶኒው እስከ 5.5 ይላሉ፤ እቃዎቹን ብቻ ለማንሳት በሁለቱም በእጅ 1/8 ይቻላል። ሰው ካለበት ግን ማረጋጊያው እጅን እንጂ ሰውየውን አያቆምም፤ ከ1/60 በታች አይወረድ። ያን ጊዜ የሚያድነው የሌንሱ ስፋት ብቻ ነው። ሲገቡም ቀድሞ መጠየቅ ነው፦ «እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» እሺ ካሉ በኋላ በሩን ከፈት ማድረግ ከማንኛውም አይኤስኦ ይበልጣል።

ለቀለም ፉጂውን እመርጣለሁ። የጀጎል ግድግዳ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ ነው፤ የሴቶቹ ልብስ ከዚያ ይደምቃል። «ቬልቪያ» የሚባለው ስልት ይህን ሁሉ አብዝቶ ፊትን ያቀላዋል፤ «ክላሲክ ክሮም» ረጋ ያደርገዋል፣ «ፕሮቪያ» መሃል ላይ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሰዓታት መቀመጥ ለማይፈልግ ሰው ጄፔጉ ራሱ ያለቀ ፎቶ ነው። ሶኒውም በሮው ተሠርቶ እዚያው ይደርሳል፤ ግን ሥራ አለው።

ማታ 1 ሰዓት አካባቢ ከግንቡ ውጪ ጅብ ሲበላ ብርሃኑ የመኪና መብራት ነው። ፍላሽ አይበራም፤ ፎከስ ለማገዝ ከካሜራው ፊት የሚበራውን ትንሽ መብራትም ሜኑ ውስጥ ገብቶ ማጥፋት ያስፈልጋል። ከመኪናው ፊት ከቆሙ ጥላዎ ጅቡ ላይ ይወድቃል፤ ከመብራቱ ጎን፣ አንድ ሜትር ያህል ፈቀቅ ብሎ መቆም ነው። ሹተር 1/250፣ አፐርቸር 1.8 ወይም 1.4፣ አይኤስኦ ከ3200 ጀምሮ እስከ 6400። ሶኒው 12800 ላይ የሚያሳየው ኖይዝ (የፎቶ ሸካራነት) ፉጂው 6400 ላይ ከሚያሳየው ጋር ይቀራረባል።

ፎከሱ ላይ ወረቀቱ ያሳስታል። ሶኒው እስከ -4 ኢቪ (የብርሃን መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲወርድ ጨለማው ይብሳል)፣ ፉጂው እስከ -7 ኢቪ ጨለማ ውስጥ ይይዛል ይላሉ፤ ፉጂው በሶስት ስቶፕ የሚበልጥ ይመስላል። ግን ሶኒ የለካው በኤፍ 2 ሌንስ፣ ፉጂ ደግሞ በኤፍ 1.0 ሌንስ ነው፤ በሌንሱ ብቻ ሁለት ስቶፕ ልዩነት አለ። የሚንቀሳቀስ ነገር ተከትሎ በመያዝ ሶኒው ይቀድማል፤ ይህን አልከራከርም። የእንስሳ ዓይን ፈላጊው በሁለቱም በተለይ ለውሻና ለድመት የተሠራ ስለሆነ በጅብ ላይ ሙሉ እምነት አይጣልበት። ይልቅ የፎከስ ነጥቡን ትንሽ አድርጎ ስጋው የተንጠለጠለበት እንጨት ጫፍ ላይ ማስቀመጥ፣ ጅቡ አፉን ሲያመጣ ፎቶውን ማንሳት ነው።

ሠርግና ዝግጅት በቪዲዮ እየቀረጸ የሚኖር የድሬ ልጅ ሶኒውን ይግዛ። የማዳመጫ ሶኬት አለው (ፉጂው በዩኤስቢ ማስተላለፊያ ነው)፣ የኤችዲኤምአይ ሶኬቱ ትልቁ ዓይነት ነው፣ ስክሪኑ ወደ ፊት ይዞራል፣ የታምሮንና የሲግማ ሌንስ እንደ ልብ ነው። 4ኬ በ60 ፍሬም ሲቀርጽ ምስሉን 1.5 ጊዜ እንደሚያጠብ ግን ይወቅ፤ ፉጂው 1.14 ብቻ ነው። በእግሩ ለሚዞር፣ ቀን ላይ 23 ኤፍ 2 አድርጎ፣ ሲመሽ ወደ 1.4 ለሚቀይር ሰው ግን የኔ ምርጫ ፉጂው ነው፤ በተረፈው ገንዘብ ያ ሁለተኛው ሌንስ ይገዛል።

ያገለገለ ካሜራ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ወይም ከሰው እጅ ሲገዛ፣ ኤፍ 16 ላይ ሰማዩን ማንሳትና አጉልቶ ማየት ነው፤ የማይነቃነቅ ጥቁር ነጥብ ካለ ሴንሰሩ ላይ ቆሻሻ አለ። የስልክ መብራት በሌንሱ ኋላ አብርቶ በፊት በኩል ማየት፤ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ፈንገስ ነው፣ አይገዛም። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ሶኒ ሜኑው ጃፓንኛ ብቻ ስለሆነ ከክፍያ በፊት ቋንቋው ይታይ። ሚሞሪ ካርድም ላዩ ላይ በተጻፈው አይታመን፤ ኤች2ቴስትደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ሞልቶ መልሶ ማንበብ ያስፈልጋል። 128 ጊጋ ተብሎ ተሽጦ 8 ብቻ የሚይዝ ካርድ የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች በትክክል ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ የተነሱት ናቸው የማይከፈቱት።