በ23 ሰርቨር ላይ የተበተኑትን አካውንቶች አንድ ቦታ የሰበሰብኩበት መንገድ

ቢሯችን ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ነው። ሰርቨሮቹ ምድር ቤት ናቸው። ሁለተኛዋ ትንሽ የሰርቨር ክፍል ስታዲየም አካባቢ ያለ ሕንፃ ውስጥ ናት። ሲደመር 23 ሰርቨር፣ ከነሱ 14ቱ ሊኑክስ። ዊንዶውሶቹ ከድሮም አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የሁሉንም ሰው አካውንትና ፓስወርድ አንድ ቦታ የሚይዝ የማይክሮሶፍት ሥርዓት) ውስጥ ስለነበሩ ብዙ አላስቸገሩኝም። ሊኑክሶቹ ግን እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ መንደር ነበሩ። አካውንቱ እዛው ማሽኑ ላይ ይከፈታል፣ ፓስወርዱ እዛው ይቀየራል፣ ሰውየው ሲለቅ ደግሞ እዛው ይረሳል።

ሥራውን ያስጀመረኝ አንድ ጥያቄ ነው። 2014 ሐምሌ ላይ፣ በጀት ዓመቱ ተዘግቶ ኦዲተሮች ገብተው ሳለ፣ አንዷ የጠፋ ፎልደር አሳየችኝና «ይሄን ማነው የሰረዘው?» አለችኝ። ሎጉን፣ ማሽኑ ማን ምን እንደሠራ የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ከፈትኩ። «ሩት» ይላል፤ ሊኑክስ ላይ ሁሉን ማድረግ የሚችለው የአስተዳዳሪ አካውንት ነው። «ሩት ማነው?» አለች። ሩት ሰባት ሰው ነበር። ፓስወርዱን ሰባታችንም እናውቀዋለን፣ ከሰባቱ ሁለቱ ደግሞ መሥሪያ ቤቱን ከለቀቁ ቆይተዋል። «አላውቅም» ብዬ መለስኩላት። እሷም እሱኑ ጽፋ ሄደች። ያቺ «አላውቅም» ከነከነችኝ። አካውንት ማለት የአንድ ሰው ስም ነው፣ ማሽኑ «ማን?» ተብሎ ሲጠየቅ አንድ ስም መጥራት ካልቻለ በራችን ላይ ያለው ቁልፍ ቁልፍ አይደለም።

ሐሳቤ ሊኑክሶቹንም አክቲቭ ዳይሬክተሪው ውስጥ ማስገባት ነበር። መጀመሪያ ቆጠርኩ። በየማሽኑ የአካውንቶቹ ዝርዝር ያለበትን ፓስወርድ ፋይል እያወጣሁ፣ ዩአይዲያቸው (ማሽኑ ለእያንዳንዱ አካውንት የሚሰጠው ቁጥር) ከ1000 ጀምሮ የሆኑትን ኤክሴል ላይ ለጠፍኩ፤ የሰው አካውንት ቁጥር ከዛ ነው የሚጀምረው፣ ከዛ በታች ያሉት የሲስተሙ የራሱ ናቸው። 187 አካውንት ወጣ። ድግግሞሹን ሳወጣ 74 የተለያየ ስም ቀረ። እነዚህ ማሽኖች ላይ ሥራ ያለው ሰው ግን 31 ብቻ ነው።

ከ31 እስከ 74 ያለው ልዩነት የለቀቁ ሰዎች ብቻ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ግማሹ የፊደል ጣጣ ነው። ብሩክ የሚለውን ስም ውሰዱ። አንዱ ሰርቨር ላይ ቢ፣ አር፣ ዩ፣ ኬ ተብሎ ተጽፏል። ሌላው ላይ ቢ፣ አይ፣ አር፣ ዩ፣ ኬ። ሦስተኛው ላይ ቢ፣ አር፣ ኦ፣ ኦ፣ ኬ። አንድ ሰው፣ ሦስት አካውንት፣ ሦስት ፓስወርድ። ፀ እና ኃ ያለባቸው ስሞች ደግሞ ከዚህ ይብሳሉ። ላቲኑን እንደ አካውንት ከፋቹ ጆሮ ስለሚጽፈው፣ የትኛው ከየትኛው ጋር አንድ እንደሆነ ኮምፒውተሩ ሊነግረኝ አይችልም።

ዝርዝሩን አትሜ አራተኛ ፎቅ ወደ ሰው ኃይል ወጣሁ። እዛ ከ20 ዓመት በላይ ያገለገሉ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት አሉ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ቀይ እስክሪብቶ አነሱ፣ ስም በስም ወረዱበት። «ይሄ ልጅ ካናዳ ሄዷል።» ሰረዝ። «ይቺ አግብታ ሐዋሳ ገባች፣ ሦስት ዓመቷ።» ሰረዝ። «እኚህ ጡረታ ወጥተዋል።» ሰረዝ። «እነዚህ ሁለቱማ አንድ ሰው ናቸው፣ አባቱን ሳትጽፉ ነው እንጂ።» ሻይ ሳይቀርብ ጨረሱልኝ። እኔ በሁለት ሳምንት ስክሪፕት ያልፈታሁትን እሳቸው በ40 ደቂቃ ፈቱት። ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነው፦ ትክክለኛው ዝርዝር ሰርቨሩ ላይ የለም፣ ሰው ኃይል ጋ ነው።

የስም አጻጻፍ ደንብም ያኔ አወጣን። ላቲኑ በቅጥር ደብዳቤው ላይ እንዳለው ይሆናል። ስም፣ ነጥብ፣ የአባት ስም የመጀመሪያ ፊደል። ሁለት ሰው ከተጋጨ የአያት ፊደል ይጨመራል። ሙሉ የአባት ስም ማስገባት አምሮኝ ነበር፣ ግን አክቲቭ ዳይሬክተሪ ለመግቢያ ስሙ ከ20 ፊደል በላይ አይቀበልም፤ ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ ብለው የሚጀምሩ ስሞች ሁለት ሆነው ሲገጥሙ 20 አይበቃቸውም።

ከዛ መዝጋት ጀመርኩ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት።

የለቀቁትን ሁሉ ፓስወርድ ቆለፍኩ። ቆልፌ ረክቼ ሄድኩ። በማግስቱ ሎግ ሳይ ከተቆለፉት አንዱ ሌሊት ገብቷል። ድሮ በኮንትራት የሠራ ልጅ አካውንት ነው፣ ለካ ላፕቶፑ ላይ የቀረ ስክሪፕት በኤስኤስኤች ቁልፍ (ከርቀት ሲገባ በፓስወርድ ፋንታ የሚያገለግል ፋይል) ይገባ ኖሯል። ክፋት የለበትም፣ ደውዬ አጠፋው። ነገሩ ግን ሊገባን ይገባል። ሊኑክስ ላይ ፓስወርድ መቆለፍ የሚቆልፈው ፓስወርዱን ብቻ ነው። ሰውየው የኤስኤስኤች ቁልፉን ካስቀመጠ በቁልፉ ይገባል። አካውንቱን ለመዝጋት የማብቂያ ቀኑን ያለፈ ቀን ማድረግ ያስፈልጋል።

እሺ ብዬ ለሁሉም ማብቂያ ቀን ሞላሁ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ፋይናንስ አንድ ፋይል መልስልን አሉኝ። ባክአፑን ከፈትኩ፣ የመጨረሻው ከዘጠኝ ቀን በፊት የተወሰደ ነው። ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ስፈልግ፣ ባክአፑን በየሌሊቱ የሚያስኬደው ክሮን (ሥራን በተያዘለት ሰዓት በራሱ የሚያስነሳ ፕሮግራም) ጡረታ በወጡት ሰው አካውንት ስር ነበር። ክሮን ሥራውን ከመጀመሩ በፊት አካውንቱ በሕይወት መኖሩን ይጠይቃል፣ ጊዜው ያለፈበት ከሆነ ዝም ብሎ ሎግ ላይ አንድ መስመር ጽፎ ያልፋል። ያን መስመር የሚያነብ ሰው አልነበረም።

ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ፣ የባክአፑ ነገር...» ስል አላስጨረሱኝም። «በእኔ ስም ነው የሚሄደው ልጄ፣ ዘጋኸው እንዴ?» አሉ። ዘጠኙ ቀን አልጠፋም፣ ፋይሉ ከሌላ ቦታ ተገኘ። ከዛ ወዲህ ግን አንድም አካውንት ከመዝጋቴ በፊት ክሮኑን አያለሁ፣ በስሙ የሚሄድ ፕሮሰስ እንዳለ አያለሁ፣ ዲስኩ ላይ በስሙ ያለውን ፋይል እፈልጋለሁ። ዘግቼም 90 ቀን ሳልሰርዝ አቆየዋለሁ። ባክአፑ ደግሞ አሁን የማንም ሰው ስም በሌለው፣ ሼል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) በማይከፍት የሰርቪስ አካውንት ነው የሚሄደው።

ማሽኖቹን ወደ ዶሜይኑ፣ አክቲቭ ዳይሬክተሪው ወደሚያስተዳድረው ክልል፣ የማስገባቱ ሥራ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነበር። ዲኤንኤሱን (የማሽን ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን) ወደ ዶሜይን ኮንትሮለሮቹ፣ ዳይሬክተሪውን ወደሚያስኬዱት ሰርቨሮች፣ ማዞር፣ የማሽኑን ስም ከ15 ፊደል እንዳይበልጥ ማሳጠር፣ በሪልም ጆይን ትእዛዝ ማስገባት፣ ቀሪውን ለኤስኤስኤስዲ (ሊኑክሱን ከዳይሬክተሪው ጋር ለሚያገናኘው ፕሮግራም) መተው። አንድ ማሽን ግን ሙሉ ቀን አለፋኝ። የስታዲየሟ። ዶሜይኑ ውስጥ ገብታለች፣ ሰው ግን ልግባ ሲል አይሆንም ትላለች። ፓስወርዱ ልክ ነው፣ ኔትወርኩ ልክ ነው። ማታ ላይ ሰዓቷን አየሁት። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርታለች። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቷ ተዛብቶ ነበርና አንድ የሥራ ባልደረባችን ጠዋት 3፡20 ላይ ቁጭ ብሎ የእጅ ሰዓቱን እያየ 3፡20 ብሎ ሞልቶታል፤ እኛ 3፡20 የምንለውን ማሽኗ 9፡20 ነው የምትለው። ዶሜይኑ የሰውን ማንነት ለማረጋገጥ የሚጠቀምበት ኬርቤሮስ ደግሞ በተለምዶ ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይታገስም። ሁሉንም ማሽን ክሮኒ በሚባል ሰዓት አስተካካይ ፕሮግራም ከአንድ ምንጭ ሰዓት እንዲወስዱ አደረግኩና ሰዓት በእጅ መሙላት ከዛ ቀን ጀምሮ ተከለከለ።

ሁለት ነገር ደግሞ ቀስ ብለው የወጡ አሉ። አንዷ ባልደረባችን ፓስወርዷን ቀይራ ሁሉም ጋ ይሠራላታል፣ አንድ ሰርቨር ላይ ብቻ የድሮውን ይጠይቃታል። ምክንያቱ እዛ ማሽን ላይ በዛው ስም የድሮ ሎካል አካውንት ስለቀረ ነው። ሊኑክስ ስም ሲፈልግ መጀመሪያ የራሱን ፋይል ያያል፣ እዛ ካገኘ ዳይሬክተሪውን አይጠይቅም። ስለዚህ ተመሳሳይ ስም ያለው ሎካል ካልወጣ ሰውየው ዶሜይን የገባ ይመስለዋል እንጂ አልገባም።

ሁለተኛው የዩአይዲ ነገር ነው፣ ይሄኛው ያስፈራል። ሊኑክስ ፋይል ላይ የሚጽፈው ስም ሳይሆን ቁጥር ነው። አንዱ ሰርቨር ላይ 1003 የዳታቤዙ ልጅ ነው፣ ሌላው ላይ 1003 የሒሳብ ሪፖርት የምታወጣው ልጅ ናት፣ በመሀል ሁለቱም በኔትወርክ የሚጋሩት (ኤንኤፍኤስ የሚባለው) ፎልደር አለ። የእሷን ፋይል እሱ እንደ ራሱ ይከፍተዋል። ዓመታት እንዲሁ ኖረናል! ኤስኤስኤስዲ ሲገባ ለሁሉም ከዳይሬክተሪው መለያ የተሰላ፣ ከ200,000 የሚጀምር ትልልቅ ቁጥር ሰጠ፣ ያ ቁጥር በሁሉም ማሽን ላይ አንድ ነው። የድሮዎቹ ፋይሎች ግን በድሮው ቁጥር ስለቀሩ ማሽን በማሽን ባለቤት ማዛወር ነበረብኝ። ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። የትኛው 1003 የማን እንደሆነ የማውቀው ያ የእትዬ ቀይ እስክሪብቶ ያለበት ወረቀት ስላለኝ ነው።

ሩት በኤስኤስኤች እንዳይገባ ዘጋን። ሥልጣን አሁን በዳይሬክተሪ ግሩፕ ነው፤ ግሩፑ ውስጥ ያለ ሰው በራሱ ስም ገብቶ ሱዱ (የሩትን ሥልጣን የሚያውስ ትእዛዝ) ይላል፣ ሎጉ የሱን ስም ይጽፋል። የግሩፕ ስም ላይ ክፍት ቦታ አታድርጉ፣ ማን ሱዱ ማለት እንደሚችል በሚጻፍበት ሱዱዎርስ ፋይል ውስጥ ጣጣ ነው። ሌላ ተርሚናል ሩት ሆኖ ክፍት ሳይሆን ደግሞ ያን ፋይል አትንኩት።

አንዳንድ ሰው ይሄን ሁሉ ሲሰማ «ታዲያ ሎካል አካውንት ጭራሽ ይጥፋ» ይላል። አይሆንም። መንገድ ሲቆፈር በሁለቱ ሕንፃዎች መሀል ያለው ፋይበር አንድ ቀን ተበጠሰና ስታዲየም ያሉት ማሽኖች ዶሜይኑን አጡት። ከዛ በፊት ገብተው የሚያውቁ ሰዎች ኤስኤስኤስዲ እዛው ማሽኑ ላይ ካስቀመጠው ቅጂ (ካሽ) ገቡ። በዛው ሳምንት የተቀጠረው ልጅ ግን ተረኛ እሱ ነበር፣ መግባት አልቻለም። በየማሽኑ አንድ የአደጋ ጊዜ ሎካል አካውንት አለ፣ ፓስወርዱ ለእያንዳንዱ የተለያየ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ሁለት ሰው ፈርሞ ካዝና ውስጥ የተቀመጠ። ያን ቀን ያወጣን እሱ ነው። ፖስታው ከተከፈተ ፓስወርዱ በዛው ቀን ይቀየራል።

አይሎንም አትርሱ። ሰርቨሩ ጠፍቶም ቢሆን ከርቀት የሚያስነሳው፣ ኤችፒ ሰርቨሮች ውስጥ ያለው ቺፕ ማለቴ ነው። ፋብሪካ ያወጣለት ፓስወርድ ሰርቨሩ ላይ በምትሳብ ትንሽ ካርድ ላይ ተጽፎ ይመጣል፣ እኛ ጋ ስድስቱ ላይ ያው ፓስወርድ እስከዛ ጊዜ ይሠራ ነበር፣ ክፍሉን ያጸዳ ሰው ሁሉ ሊያነበው ይችል ነበር። የሚይዘው ሎካል አካውንት 12 ብቻ ስለሆነ ሰው ሲበዛ አንዱን አካውንት መጋራት ይጀመራል። ከዳይሬክተሪ ጋር ማገናኘት ይቻላል፣ ግን ከፍ ያለውን ላይሰንስ ይፈልጋል። ላይሰንሱ ላላቸው አገናኘን፣ ለሌሎቹ በስም በስም ከፈትን።

ከሁሉም ያስደሰተኝ ግን ቴክኒክ አይደለም፣ ክሊራንሱ ነው። ድሮ የሚለቅ ሰው ወረቀቱን ይዞ ይዞራል፣ ንብረት ክፍል፣ ፋይናንስ፣ መዝገብ ቤት። የእኛን ክፍል ፊርማ የጠየቀ አልነበረም። እትዬን ለምኜ ቅጹ ላይ አንድ መስመር አስጨመርኩ። አሁን ሰው ሲመጣ እዛው ፊቱ አካውንቱን አንድ ቦታ ላይ እዘጋለሁ፣ 23ቱም ላይ ይዘጋል፣ ከዛ እፈርማለሁ። ሁለት ደቂቃ ነው። ኦዲተሯ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሳ መጥታ አንድ ፋይል መርጣ «ማነው?» ስትል ስሙን፣ ቀኑንና ሰዓቱን አሳየኋት።

በየሦስት ወሩ አንድ ቅዳሜ የስታዲየሙን መስመር ራሳችን ነቅለን በፖስታው እንገባለን። ባለፈው ስንሞክር አልገባም። በእጅ የተጻፈ ነበርና ትንሿ ኤል ናት ወይስ ቁጥር 1 ናት ብለን ወረቀቱን መስኮት ላይ ይዘን ተከራከርን። አምስተኛው ሙከራ ላይ ገባ። ሰኞ ጠዋት ሁሉንም በማተሚያ አወጣናቸው፣ ኤልና 1፣ ኦና ዜሮ የሌለባቸው አድርገን።