የማይከፈት ቲቪ ላይሰንስ ያስከፍላል ወይ? ለንደን ላይ እኔ የጨረስኩት እንዲህ ነው

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ብሪታንያ ውስጥ ቤታችሁ ቴሌቪዥን ስላለ ብቻ የቲቪ ላይሰንስ፣ ማለትም በየዓመቱ የሚከፈለውንና ገንዘቡ ለቢቢሲ የሚሄደውን የማያ ፈቃድ፣ አትከፍሉም። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ቢጠጣ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ቢከተት፣ ከላፕቶፕ ጋር ተያይዞ እንደ ስክሪን ቢያገለግል፣ ችግር የለውም። የሚያስከፍለው የምታዩት ነገር ነው። ይቺን ለማረጋገጥ ግን ብዙ ሰው ጠይቄ፣ ብዙ አንብቤአለሁ።

ነገሩ የመጣው ፍላት ስከራይ ነው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ትልቅ ቲቪ ተሰቅሎ አገኘሁት። የአከራዩ ነው። እኔ ከሥራ ስገባ ስልኬን ይዤ የምጋደም ሰው ነኝ፤ ሪሞቱ የት እንዳለ እንኳ አልጠየቅኩም። ብዙም ሳይቆይ "ለሕጋዊው ነዋሪ" የሚል ደብዳቤ መጣ። በዚህ አድራሻ የተመዘገበ ላይሰንስ የለም ይላል። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ላይሰንስ ወደሌለው አድራሻ ሁሉ የሚላክ ነው፤ ስም የሌለበትም ለዚህ ነው። ዓመታዊ ክፍያው ያኔ 174.50 ፓውንድ ነበር፤ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ የነበረው ዋጋ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ለማላየው ነገር ይህን ያህል ገንዘብ? መጠየቅ ጀመርኩ።

የሐበሻ ምክር እንደምታውቁት አያልቅም። አንዷ ጓደኛዬ "ቲቪው ካለ ትከፍያለሽ፣ አለቀ" አለችኝ። ሌላው "አውርደሽ ጣይው!" አለ። የሰው ንብረት እንዴት አድርጌ ነው የምጥለው? አንድ ጋሼ የምለው ጎረቤት ደግሞ "እኔ እዚህ አገር ስገባ ቲቪ ስገዛ ሱቁ ውስጥ ስምና አድራሻዬን ጽፈው ነው የሸጡልኝ፤ ያውቁሻል" አለኝ። የአክስቴ ልጅ ከደብሊን ደውላ ይባስ አስፈራራችኝ። "ተበላሽቶ እንኳ ይከፈልበታል" አለች።

የሚገርመው፣ ከእነዚህ ሰዎች የዋሸኝ የለም። ሁሉም የሚያውቁትን ነው የነገሩኝ፤ ግን አንዱ የድሮ፣ አንዷ የሌላ አገር።

ከደብሊን ልጀምር። አየርላንድ ውስጥ ሕጉ የሚያየው ዕቃውን ነው። የቴሌቪዥን ሞገድ መቀበል የሚችል ቲቪ ቤትህ ካለ ላይሰንስ ያስፈልግሃል። ክፈተው አትክፈተው ለውጥ የለውም። ተበላሽቶ ቢቀመጥ እንኳ፣ ተጠግኖ መሥራት የሚችል ከሆነ ትከፍላለህ። ዋጋው 160 ዩሮ ነው። በተቃራኒው ቲቪ ሳይኖርህ በስልክህ ወይም በላፕቶፕህ ብታይ አይጠየቅብህም። ብሪታንያ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። እዚህ ዕቃው ነፃ ነው፣ ማየቱ ነው የሚከፈልበት፤ ስልክም ቢሆን አይቀርልህም። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ርቀት ላይ ያሉ ሁለት አገሮች እንዲህ ይለያያሉ። የአክስቴ ልጅ ለራሷ ትክክል ነበረች፤ ለእኔ ግን አልሠራም።

የጋሼም ወሬ እውነት ነው። ሱቆች ቲቪ ሲሸጡ የገዢውን ስምና አድራሻ ለላይሰንስ ክፍሉ የማሳወቅ ግዴታ ነበረባቸው። ሕጉ የወጣው በ1967 ነው። የተሻረው በ2013 ነው። ዛሬ ሱቅ ገብተህ ቲቪ ብትገዛ በዚህ ምክንያት አድራሻህን የሚጠይቅህ የለም። ከዚያ በፊት የመጣ ሰው ግን "ቲቪ ገዛሁ ማለት ተመዘገብኩ ማለት ነው" ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የድሮ ሰው ከነገራችሁ እውቀቱ የስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ጠይቁት።

ከዚያ ወደ ሕጉ ሄድኩ። ዋናው በ2003 የወጣው የኮሙኒኬሽንስ አዋጅ 363ኛ አንቀጽ ነው። ያለ ላይሰንስ የቴሌቪዥን መቀበያ መግጠምም ሆነ መጠቀም አይቻልም ይላል። እዚህ ላይ ደንግጬ ነበር፤ ግድግዳ ላይ ተገጥሟላ! ግን በ2004 የወጣው ደንብ መቀበያ ማለት ምን እንደሆነ ያብራራል። የቴሌቪዥን ፕሮግራም ለመቀበል ተብሎ የተገጠመ ወይም ለዚያ የሚያገለግል ዕቃ ማለት ነው። ፕሮግራም የማይቀበል ቲቪ በዚህ ትርጉም ተራ ስክሪን ነው። አከራዬ ሳሎኑ ውስጥ ስክሪን ሰቅሏል፣ በቃ።

እንግዲህ የሚያስከፍለው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ማንኛውንም ጣቢያ በቀጥታ ስርጭት ማየት ወይም መቅዳት። ሁለተኛ፣ የቢቢሲን ፕሮግራሞች በኢንተርኔት በሚያሳየው በቢቢሲ አይፕሌየር ማየት፤ ከሴፕቴምበር 2016 ጀምሮ አይፕሌየር ላይ ያለፈ ፕሮግራም ማየትም ላይሰንስ ይጠይቃል። በቃ፣ ይኸው ነው። ኔትፍሊክስ ላይ ያለ ፊልም፣ ዲቪዲ፣ ጌም፣ ከሌሎቹ ጣቢያዎች መተግበሪያ ላይ ያለፈ ፕሮግራም አይጠየቅበትም። ሬዲዮም ነፃ ነው፤ የሬዲዮ ላይሰንስ በ1971 ቀርቷል። ቢቢሲ አማርኛን በድረ ገጽ ማንበብም አያስከፍልም፤ አንድ ወዳጄ ይህን ፈርቶ ነበርና ነው የምነግራችሁ።

አሁን የኛን ሰው የሚያጠምደው ቦታ ላይ ደረስን። "እኔ የእንግሊዝ ቲቪ አላይም፣ የአገሬን ነው የማየው" የሚል ስንት ሰው አለ መሰላችሁ! አይሠራም። "ማንኛውም ጣቢያ" ሲባል ከሌላ አገር የሚመጣውም ይገባል። በዲሽ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ቻናል በቀጥታ ካያችሁ ላይሰንስ ያስፈልጋችኋል። የቴሌቪዥን ጣቢያው የማታውን ዜና በዩቲዩብ በቀጥታ እያስተላለፈ እናንተ በስልካችሁ ብትከታተሉም ያው ነው። ዜናው ካለቀ በኋላ ያው ጣቢያ የጫነውን ቪዲዮ ብታዩ ግን አትጠየቁም። የመስቀል ደመራን ከአዲስ አበባ እየተላለፈ ሳለ ማየት ያስከፍላል፤ ማታ ቪዲዮው ሲጫን ማየት አያስከፍልም። እኔ በበኩሌ ሕጉ እዚህ ላይ ግራ ያጋባል ባይ ነኝ፤ ለቢቢሲ የሚሄድ ገንዘብ ከአዲስ አበባ ለመጣ ስርጭት መክፈል ለብዙ ሰው ትርጉም አይሰጥም። ሕጉ ግን ይኸው ነው። ቤቱ ውስጥ ቲቪ ሳይኖር ላይሰንስ የሚያስፈልገው ሐበሻ፣ ቲቪ ኖሮት ከማያስፈልገው የሚበዛ ይመስለኛል።

ይህን ካወቅኩ በኋላ ያደረግኩት ብዙ አልነበረም። ከቲቪው ጀርባ የተሰካውን የአንቴና ገመድ ነቀልኩ። ሕጉ ንቀሉ አይልም፤ ግን ሰው መጥቶ ቢያይ ነገሩን ያሳጥራል ብዬ ነው። አከራዩ ሳያውቅ እንዳይሆን አጭር መልእክት ጻፍኩለት፤ "እንደፈለግሽ" አለኝ። የአይፕሌየርን መተግበሪያ ከቲቪውም ከስልኬም አጠፋሁ። አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ቲቪው ራሱ ነበር። አንዳንድ ስማርት ቲቪ ገና ሲከፈት በኢንተርኔት የሚመጣ ቻናል ሳትጠይቁት ያጫውታል። አንቴና ባይኖረውም ያ ቀጥታ ስርጭት ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ በራሱ እንዳይጀምር አደረግኩት። ለፊልም ስከፍተው ቀጥታ ወደ ፊልሙ ይገባል።

ከዚያ ላይሰንሱን በሚያስተዳድረው በቲቪ ላይሰንሲንግ ድረ ገጽ ላይ "ላይሰንስ አያስፈልገኝም" የሚለውን ፎርም ሞላሁ። ይህን መሙላት የግድ አይደለም። ሳይሞሉ ደብዳቤውን ወደ ቅርጫት የሚወረውሩ ሰዎች አሉ፤ መብታቸው ነው። እኔ ደብዳቤው እንዲቆም ስለፈለግኩ ሞላሁ። ማረጋገጫው በኢሜይል መጣ፤ አስቀመጥኩት። ማረጋገጫው ዘላለማዊ አይደለም፤ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይተው ሁኔታሽ ተለውጧል ወይ ብለው እንደገና ይጠይቃሉ። ቤት ከቀየራችሁ ደግሞ ለአዲሱ አድራሻ እንደ አዲስ ነው።

ፎርሙ ላይ ሠራተኛ መጥቶ ሊያይ እንደሚችል ተጽፏል። እውነትም አንድ ቀን በር ተንኳኳ። ጨዋ ሰውዬ ነው፤ መታወቂያውን አሳየኝ። እነዚህ ሠራተኞች ፖሊስ አይደሉም። ያለ ፈቃዳችሁ ቤት መግባት አይችሉም፤ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ካልያዙ በስተቀር። እኔ የምደብቀው ስላልነበረኝ "ግባ" አልኩት። ቲቪውን አየ፣ የተነቀለውን ገመድ አየ፣ ምን እንደማይበት ጠየቀኝ፣ ሄደ። ሻይ ልጋብዘው አስቤ ነበር፣ አልቆየም።

ሰውየው ባይከፋም፣ በር የሚከፍት ሰው ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ሴቶች በተለይ ስሙኝ። ያለ ላይሰንስ ማየት እዚህ አገር የወንጀል ጥፋት ነው። ቅጣቱ እስከ 1,000 ፓውንድ ይደርሳል፣ የክስ ወጪም ይታከልበታል። ታዲያ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ በዚህ ጉዳይ ከሚከሰሱት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ሴቶች የበለጠ ስለሚያዩ አይደለም። ላይሰንሱ ለቤቱ ነው፣ ክሱ ግን ለሰው ነው፤ በዚያ ሰዓት ቤት የተገኘና በር ከፍቶ መልስ የሰጠ ሰው ስሙ ይጻፋል። ባል ሥራ ነው፣ ሚስት ልጅ ታቅፋ በር ትከፍታለች፣ ቋንቋው ገና አልጠነከረም፣ ለተጠየቀችው ሁሉ "የስ" ትላለች። ሠራተኛው መልሳችሁን ወረቀት ላይ መጻፍ ከጀመረ፣ ያ ወረቀት ፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ያልገባችሁን አትፈርሙ። "አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" ማለት ነውር አይደለም።

በጋራ ቤት የምትኖሩም ውላችሁን እዩ። አንድ ውል ላይ ሁላችሁም ከፈረማችሁ አንድ ላይሰንስ ለቤቱ ይበቃል። እያንዳንዱ ለየክፍሉ የራሱ ውል ካለው ግን የሳሎኑ ላይሰንስ ክፍላችሁ ውስጥ የምታዩትን አይሸፍንም።

እኔ እንዲህ ተደላድዬ ስኖር እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጣች። የመጀመሪያው ማታ ላይ "የኛን ዜና አትከፍቺም እንዴ?" አለች። ነገ በቪዲዮ ታይዋለሽ ብላት "የትናንት ዜና ምን ያደርግልኛል?" ብላ ሳቀችብኝ። እማዬን ዜና ከልክዬ አልኖርም። ማየት በጀመረችበት በዚያው ቀን ላይሰንስ በኢንተርኔት ገዛሁ፤ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ዋጋውን ስትሰማ "ለዜና?" አለች። አዎ፣ ለዜና። በየወሩ በዳይሬክት ዴቢት መክፈልም ይቻል ነበር፤ እኔ ግን የዓመቱን አንዴ ከፈልኩ። ዕድሜያቸው 75 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ እዚሁ የሚኖሩና ፔንሽን ክሬዲት (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ጡረተኞች መንግሥት የሚሰጠውን ድጎማ) የሚያገኙ ወላጆች ያሏችሁ ግን እንዳትከፍሉ፤ ለእነሱ በነፃ ነው፣ ማመልከት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። ለእማዬ ይህ አልሠራም፤ እንግዳ ናት።

እማዬ ስትመለስ ቀጥታ ስርጭት ማየታችን አበቃ። ላይሰንሱን ሰረዝኩና ሪፈንድ ጠየቅኩ። እስኪያልቅ ድረስ ቢያንስ አንድ ሙሉ ወር ከቀረውና ከዚያ በፊት ዳግመኛ የማያስፈልጋችሁ ከሆነ፣ ያልተጠቀማችሁባቸው ሙሉ ወራት ይመለሱላችኋል። የማይመለስ የሚመስላቸው ብዙዎች ስለሆኑ ሳይጠይቁ ይቀራሉ። የእኔ ገንዘብ ተመልሷል። "አያስፈልገኝም" የሚለውን ፎርም እንደገና ሞላሁ። የአንቴናው ገመድ አሁንም እንደተነቀለ ነው፤ እማዬ ዜናዋን ስታይ የነበረው በዩቲዩብ ነዋ።