ከመቼ እስከ መቼ

እሑድ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከባለቤቴ ጋር ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግተን ዋልን። የምሞላው ኤን-400 የሚባለውን የአሜሪካ ዜግነት ማመልከቻ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው የታሪክና የመንግሥት አወቃቀር ፈተናውን ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ያስጨንቀኝ የነበረው እሱ ነበር። አሁን ግን ከሁሉም የከበዱኝ ሁለት ሠንጠረዦች ናቸው። አንዱ የኖርኩባቸውን አድራሻዎች በሙሉ ከመቼ እስከ መቼ እያለ ይጠይቃል፤ ሌላው ደግሞ ከአገር የወጣሁባቸውንና የተመለስኩባቸውን ቀኖች።

ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በመደበኛው መንገድ የሚያመለክተው 5 ዓመት ከኖረ በኋላ ሲሆን፣ የትዳር ጓደኛው ዜጋ የሆነና ከእሱ ጋር በአንድነት እየኖረ ያለ ሰው ግን 3 ዓመት ይበቃዋል። ስለዚህ እኔ የምመዘግበው የ3 ዓመት ታሪክ ነው። ከዚህ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 18 ወር በአካል እዚህ አገር መገኘት ያስፈልጋል። በአንድ ጉዞ ከ6 ወር በላይ ውጭ የቆየ ሰው ደግሞ ነዋሪነቱ እንደተቋረጠ ይገመትበታል፤ ግምቱን ለማፍረስ ሥራውን እንዳልለቀቀ፣ ቤቱና ቤተሰቡ እዚሁ እንደነበሩ በማስረጃ ማሳየት ይኖርበታል። ይህን ሁሉ ከዚህ ቀደም አንብቤው ነበር፤ ሳነበው ግን የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስለኝ ነበር።

ባለቤቴ በጉዞው ሠንጠረዥ እንጀምር አለ፤ «ሁለት ጉዞ ብቻ ነው ያለሽ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም» ብሎ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን።

የመጀመሪያው ጉዞ አባቴን ለማስታመም የሄድኩበት ነው። ሰው በጠየቀኝ ቁጥር «ስድስት ወር ቆየሁ» እያልኩ ስመልስ ኖሬያለሁ፤ በረቂቁ ላይም በእርሳስ ያሰፈርኩት ይህንኑ ነበር። ባለቤቴ ወረቀቱን አየና ምንም ሳይናገር ፓስፖርቴን አቀበለኝ። ከአሜሪካ ሲወጡ የሚመታ የመውጫ ማህተም የለም፤ ያለኝ እዚያ ስደርስ የተመታልኝ ብቻ ነው፣ እሱም ቀለሙ ከመደብዘዙ የተነሣ ቀኑ 10 ይሁን 16 አይለይም። እናቴ ጋር ደወልኩ። እማዬ ጥቂት እንኳ ሳታመነታ «ጥር 2 ቀን፣ ማክሰኞ ነው የደረስሽው፤ አባትሽ ከሆስፒታል በወጣ በማግስቱ» አለችኝ። ጥር 2 ቀን 2015 ማለት ጃንዋሪ 10 ቀን 2023 ነው። ቅጹ የሚጠይቀው ግን የደረስኩበትን ሳይሆን ከአሜሪካ የወጣሁበትን ቀን ስለሆነ፣ አንድ ሌሊት አየር ላይ ማሳለፌን አስበን ጃንዋሪ 9 ብለን ጻፍን፤ የአየር መንገዱ የድሮ ኢሜይልም ይህንኑ አረጋገጠልን።

የተመለስኩት ጁላይ 4 ቀን ነው። ይህን ቀን ለማስታወስ ማህተም አያስፈልገኝም፤ ከአየር ማረፊያ ወደ ቤት ስንሄድ በየሰፈሩ የነጻነት በዓሉ ርችት ይተኮስ ነበርና። ለጥንቃቄ ያህል ግን አንድ ነገር እዚህ ላኑር፤ አሜሪካኖች ወርን ከቀን አስቀድመው ስለሚጽፉና ሌላው ዓለም በአብዛኛው ቀንን ስለሚያስቀድም፣ 07/04 እና 04/07 በሁለት ሰነድ ላይ ተጽፈው ያየ ሰው አንዱን ኤፕሪል አድርጎ ቢያነበው አይፈረድበትም። እኔም በረቂቁ ላይ ተሳስቼ ነበር።

ከዚያ ቆጠርን። ኢሚግሬሽን የወጡበትንም የተመለሱበትንም ቀን አገር ውስጥ እንደተገኙ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ በመካከሉ የቀረው 175 ቀን ሆነ። ሁለተኛ ጊዜ ብንቆጥርም ያው 175። ስድስት ወር እያልኩ የኖርኩበት ጊዜ ስድስት ወር አልሞላም ነበር። ያን ያህል ያረዘመብኝ ሐዘኑ እንጂ የቀን መቁጠሪያው አልነበረም። ወንድሜ ግን «እማዬን ብቻዋን ትተሻት አትሂጂ፣ እስከ ጁላይ አጋማሽ ቆዪ» ብሎ ለምኖኝ እንደነበር አስታወስኩ። እሺ ብዬው ቢሆን ኖሮ ያ አሥር ቀን ያህል ብቻ የማስረጃ ክምር ያስጠይቀኝ ነበር። የተመለስኩት ሕጉን አውቄ አይደለም፤ የባለቤቴ ድምፅ በስልክ ውስጥ እየራቀ፣ እየቀዘቀዘ ሲመጣ ስለሰማሁ ነው።

ሁለተኛው ጉዞ ለእኅቴ ሠርግ የሄድኩበት ሲሆን፣ ቲኬቱ ስለነበረን ወዲያው ተሞላ። ሦስተኛ ጉዞ መኖሩን ያስታወሰን የባለቤቴ ስልክ ነው። ፎቶዎቹን ወደ ኋላ ሲያገላብጥ በኦገስት 2022 ቅዳሜ ጠዋት በመኪና ድንበር ተሻግረን የናያጋራን ፏፏቴ በካናዳ በኩል ያየንበትን አገኘ። አድረን እሑድ ማታ ነው የተመለስነው። ቅጹ 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ የቆየን ጉዞ ሁሉ ስለሚጠይቅ ይህም መግባት አለበት። የሚያስቀው ነገር የወጣንበትም የገባንበትም ቀን ለእኛ ስለሚቆጠር፣ ከአገር የራቅኩበት ቀን ዜሮ ሆነ። ዜሮ ቀን ያስቆጠረ ጉዞ አንድ ሙሉ መስመር ይዞ ተቀመጠ፤ ፓስፖርቴ ላይ ምልክት እንኳ የለውም፤ ፎቶው ውስጥ ግን ሁለታችንም በስብሰን ቆመን እንስቃለን።

የጉዞውን ሠንጠረዥ ጨርሰን ወደ አድራሻው ስናልፍ ግን ሁለታችንም ዝም አልን።

በሦስቱ ዓመት ውስጥ አብረን የኖርንባቸው ሁለት ቤቶች ናቸው፤ እነሱን በኪራይ ውሎቹ እያየን ሞላን። በመካከላቸው ግን ሌላ ሦስተኛ አድራሻ አለ። በ2023 መጸው ለሥራ ሥልጠና ብዬ የሦስት ሰዓት መንገድ ርቃ በምትገኝ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን ኖሬያለሁ። ደብዳቤ የሚደርሰኝ በዋናው ቤት ነበር፤ መንጃ ፈቃዴም አልተቀየረም። ባለቤቴ «ሦስት ወር ተኩል ምን ታደርጊዋለሽ፣ ቤታችን ያው አንድ ነው፤ ተዪው» አለኝ። ክፋት አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያንን ጊዜ ከማንም በላይ ማስታወስ የማይፈልገው እሱ ነው።

እኔ ግን የዕለት ማስታወሻዬን አወጣሁ። የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ክፍሏን የገባሁባት ነሐሴ 30 ቀን 2015፣ የወጣሁባት ደግሞ ታኅሣሥ 12 ቀን 2016 ይላል። የመጀመሪያው ሴፕቴምበር 5 መሆኑ አላከራከረንም። ሁለተኛውን እንደለመድኩት ስቀይረው ዲሴምበር 21 መጣ፤ የኪራይ ውሉ ግን 22 ይላል። ግራ ተጋብተን ቆየንና በመጨረሻ ገባኝ፤ በ2015 መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች፣ ከመስከረም ጀምሮ እስከ የካቲት ድረስ ልዩነቱ በአንድ ቀን ይገፋል። ማስታወሻዬም ውሉም ትክክል ነበሩ። ስለ አንዲት ቀን ያን ያህል መድከማችን ራሴንም ገርሞኛል፤ ምናልባት ከቀኑ በስተጀርባ ያለውን ጥያቄ ለማዘግየት ይሆናል።

ጥያቄው ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። በጋብቻ የሚያመለክት ሰው ከትዳር ጓደኛው ጋር በአንድነት መኖሩን ማሳየት አለበት። ደንቡ ጨካኝ አይደለም፤ በውትድርና ወይም የግድ በሚል የሥራ ጉዳይ፣ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ተለያይተው የኖሩ ባልና ሚስት መለያየታቸው ቢረዝም እንኳ አያስከለክላቸውም። ተስማምተው ወይም ተኳርፈው የተለያዩትን ግን ለይቶ ያያቸዋል። የእኔ ከየትኛው ነው? ሥልጠናው እውነት ነበር፤ አሠሪዬ የላከኝ ደብዳቤ እዚህ አለ። በዚያው ሰሞን በቤታችን ውስጥ ሰላም አለመኖሩም እውነት ነበር። ከአባቴ ቀብር ተመልሼ ሁለት ወር ሙሉ በቅጡ ሳንነጋገር ከርመን ስለነበር፣ የሥልጠናው ደብዳቤ ሲደርሰኝ ደስ እንዳለኝ በዚሁ ማስታወሻ ላይ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ።

ቅጹ ላይ ለደስታ የሚሆን ቦታ የለም። አድራሻውን አለመጻፍ ግን ለእኔ የሚታሰብ አልሆነም። የምፈርመው እውነት መሆኑን በሕግ ፊት አረጋግጬ ነው። የኢሚግሬሽን መኮንኑም በቃለ መጠይቁ ላይ መሐላ አስገብቶኝ መስመር በመስመር ይጠይቀኛል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1988 እንደወሰነው ደግሞ፣ ዜግነት ለማግኘት ብሎ በመሐላ ሥር የዋሸ ሰው፣ የዋሸበት ነገር ውጤቱን የማይለውጥ ተራ ነገር ቢሆን እንኳ፣ መልካም ሥነ ምግባሩ ይነካበታል። ትቼው ብሄድ እንኳ አሠሪዬ ለግብር የመዘገበው አድራሻ የዚያችው ክፍል ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አብረን በምንፈጽመው ነገር ላይ የዚያን ጊዜ ነገር አድበስብሰን ብናልፍ፣ ነገሩ መልሶ እኛው መካከል ይቀመጣል ብዬ ፈራሁ። ይህንንም ለባለቤቴ እንደዚሁ ነገርኩት። ብዙ ቆይቶ «እሺ፣ ጻፊው» አለ።

ጻፍኩት። ቀጥሎ በተጨማሪው ገጽ ላይ ማብራሪያ ማስፈር ነበረብኝ፤ ለሥልጠና መሄዴን፣ ዋናው ቤታችን እንዳልተለወጠ፣ የግብር ማስታወቂያውን በጋራ ማቅረባችንን። እሱ በየስንት ጊዜው ይመጣ እንደነበር ለመጻፍ ስሞክር «ሦስት ጊዜ ያህል» ብዬ ጀመርኩ። ለራሴም ሆነ ለጓደኞቼ የምለው እንደዚያ ነበር፤ በዚያ ዘመን ሦስት ጊዜ ብቻ እንደመጣ ለስንት ሰው እንዳማሁት እግዜር ይወቀው።

ባለቤቴ ብዕሩን ከእጄ ወሰደና «ቆይ» አለኝ። ወደዚያች ከተማ የሚያደርሰው መንገድ የሚከፈልበት ነው፤ መኪናው ላይ የተለጠፈችው መሣሪያ ባለፈ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ትመዘግባለች። የድሮውን ሒሳብ ከድረ ገጹ አወረደና ከሴፕቴምበር ጀምሮ ቁልቁል እያየን አሰመርንበት። እዚያ በኖርኩበት ጊዜ ውስጥ 15 ቅዳሜዎች ነበሩ። የመጣው በ11ዱ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ያልፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ዕለት ማታ ይመለሳል። መምጣቱን ጨርሼ አልረሳሁትም፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ብቻ፣ ታርቀን አብረን ያሳለፍናቸውን ብቻ ነው የቆጠርኩት። ስምንቱ ቅዳሜዎች በሬ ላይ ቆሞ ጥቂት ቃል ተለዋውጠን የተለያየንባቸው ወይም አልፈልግም ብዬው የመለስኩባቸው ናቸው። በእኔ ሒሳብ ያ መምጣት አልነበረም፤ በመንገዱ ሒሳብ ግን ሄዶ መመለሱ ተመዝግቦ ተከፍሎበታል።

«ሦስት» የሚለውን ሰርዤ «11» ብዬ ጻፍኩ። ዝርዝሩን አትሜ ከኪራይ ውሉና ከአሠሪዬ ደብዳቤ ጋር አያያዝኩት፤ ለመኮንኑ ይጥቀም አይጥቀም ገና አላወቅኩም። ባለቤቴ የተሰመረባቸውን ቀኖች ጣቱን እያስኬደ ሲያይ ቆየና «ኖቬምበር ላይ ይቺ ያመለጠችኝ ጎማ ፈንድቶብኝ ነው» አለ። የቀሩት ሦስት ቅዳሜዎች ምን ላይ እንደዋለ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።