«ምን አለ?»፦ በአነስተኛ በጀት የቤት ቴአትር ድምፅ ያደራጀሁበት መንገድ

የቤት ቴአትር ድምፅ ለማደራጀት ያነሳሳኝ የእናቴ ጥያቄ ነው። አብረን ፊልም ስናይ በየጥቂት ደቂቃው ወደ እኔ ዞር ብላ «ምን አለ?» ትለኛለች። እኔም ሪሞቱን አንስቼ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ፤ ፍንዳታ ወይም ሙዚቃ ሲመጣ ደግሞ ጎረቤት እንዳይረበሽ እየተጣደፍኩ እቀንሳለሁ። ለረጅም ጊዜ ችግሩ ከጆሮዋ ይመስለኝ ነበር። አንድ ምሽት ግን ዓይኔን ጨፍኜ ለማዳመጥ ስሞክር ከንግግሩ ብዙውን እኔም እንደማልሰማ፣ እስከዚያ ድረስም የጎደለውን ከተዋናዮቹ ከንፈርና ከስክሪኑ ግርጌ ጽሑፍ እያነበብኩ ስሞላው እንደነበር ተረዳሁ። ቴሌቪዥኖች እየሳሱ በሄዱ ቁጥር በውስጣቸው ለስፒከር የሚተርፈው ቦታ ጠብቧል፤ በብዙዎቹም ላይ ስፒከሮቹ ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ዞረው ስለሚገጠሙ ድምፁ ወደ ተመልካቹ የሚደርሰው ከጠረጴዛና ከግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ከተበተነ በኋላ ነው።

ስለዚህ ገና ከጅምሩ ዓላማዬን በአንድ ዓረፍተ ነገር ወሰንኩት፦ ከቴሌቪዥኑ ዋጋ ግማሽ በማይበልጥ ወጪ ንግግር በግልጽ የሚሰማበት ሥርዓት ማቆም። ቤዝ፣ ከኋላ የሚመጣ ድምፅ፣ ከጣሪያ የሚወርድ ድምፅ፣ ሁሉም ከዚህ በኋላ የሚታሰቡ ነበሩ። መመዘኛዬ ይህ መሆኑ በኋላ ካደረግኋቸው ስህተቶች ግማሹን ያህል ቶሎ እንድለይ ረድቶኛል።

ከፊቴ የነበሩት ምርጫዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሳውንድባር፣ ማለትም ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጥ አንድ ረጅም ስፒከር ነው፤ ገመዱ ጥቂት፣ ቦታው ትንሽ፣ አገጣጠሙም ቀላል ስለሆነ ቤቱ ለገመድ ለማይመች ሰው ዛሬም የምመክረው እርሱን ነው። ሁለተኛው ማጫወቻውና ስፒከሮቹ በአንድ ካርቶን የሚሸጡበት ሙሉ ስብስብ ነው። ሦስተኛው ሪሲቨርና ስፒከሮችን ለየብቻ ገዝቶ ማገናኘት ነው። ሪሲቨር ስል የሳተላይት ቻናል የሚያስገባውን ሳይሆን ምስልና ድምፅ ተቀብሎ ድምፁን ለየስፒከሩ የሚያከፋፍለውን አምፕሊፋየር ማለቴ ነው። የመረጥኩት ሦስተኛውን ነው፤ ምክንያቱም አንድ ነገር ሲበላሽ ወይም አቅሜ ሲፈቅድ ያንኑ ብቻ መለወጥ እችላለሁ።

ሙሉ ስብስቡን ልገዛ ግን ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 1000 ዋት የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ ባትጠራጠሩት አይገርመኝም፣ እኔም አልተጠራጠርኩትም። ነገር ግን ዋት ብቻውን ብዙ አይናገርም። አንዱ አምራች የሚለካው አንድ ቻናል (ለአንድ ስፒከር የሚሄድ የድምፅ መስመር) ብቻ እየሠራ፣ በ1 ኪሎ ኸርዝ (ኸርዝ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው)፣ ድምፁ 10 በመቶ እስኪዛባ ድረስ ነው፤ ሌላው ሁለት ቻናል አብረው እየሠሩ፣ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ፣ ከ0.1 በመቶ ባነሰ መዛባት ይለካል። በሁለተኛው መንገድ 70 ዋት የተባለ ሪሲቨር በመጀመሪያው መንገድ ከ100 በላይ ከተባለው ሊበረታ ይችላል። ከዚያ ይልቅ ማየት የነበረብኝ የስፒከሩ ሴንሲቲቪቲ የሚባለውን ቁጥር ነበር፤ ይህም በ1 ዋት ኃይል፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል (የጩኸት መጠን መለኪያ) እንደሚያወጣ የሚገልጽ ነው። በድምፅ ላይ 3 ዴሲቤል ለመጨመር ኃይሉ በእጥፍ ማደግ አለበት። ስለዚህ 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር 84 ከሚሰጠው ጋር እኩል ለመጮህ የሚያስፈልገው ኃይል አንድ አራተኛው ብቻ ነው። በጀቱ ጠባብ ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ስፒከሩ በጥቂት ኃይል የሚበቃው ከሆነ ሪሲቨሩ ውድ መሆን አያስፈልገውም።

ሪሲቨሩን ያገለገለ ገዛሁ። ሪሲቨር ዋጋው ቶሎ የሚወርደው በምስል በኩል አዲስ ነገር ስለሚመጣ ነው እንጂ የማጉያው ክፍል ስላረጀ አይደለም። እኔ የጠየቅሁት ጥቂት ነገር ነበር፦ ምስልና ድምፅ በአንድ ኬብል የሚያልፍባቸው የኤችዲኤምአይ መግቢያዎች፣ ኤአርሲ የሚል ምልክት ያለበት የኤችዲኤምአይ መውጫ፣ አምስት የማጉያ ቻናል፣ የሰብዉፈር (ቤዝ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) መውጫ፣ የራሱ ሪሞትና የየስፒከሩን ርቀትና መጠን የሚለካበት ማይክሮፎኑ። ኤአርሲ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር የመጣ አሠራር ሲሆን የቴሌቪዥኑ ድምፅ በዚያው በአንዱ ኬብል ወደ ሪሲቨሩ እንዲመለስ ያደርጋል። ከዚያ ዓመት በፊት በተሠራ ሪሲቨር ላይ ድምፅን በብርሃን የሚያስተላልፈው ኦፕቲካል ኬብል ይበቃል፤ ባለ 5.1 (አምስት ስፒከርና አንድ ሰብዉፈር) የሆነውን ዶልቢ ዲጂታል የተባለ የፊልም ድምፅ ዓይነት ያሳልፋል፣ ከዚያ በኋላ የመጡትን ግን አያሳልፍም። ከመክፈሌ በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል አስከፍቼ ሁሉንም ቻናል በየተራ አዳመጥኩ፣ የድምፅ መጨመሪያውንም ሳዞረው መንኮሻኮሽ እንደሌለው አረጋገጥኩ።

ለስፒከሮቹ ግን ያን ያህል አልተጠነቀቅሁም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስፒከሮች የገዛሁት ቁመናቸውን ወድጄ፣ አንድ ዘፈን በዝቅተኛ ድምፅ ሰምቼ ነው። ቤት አስገብቼ የጨርቅ መሸፈኛቸውን ሳነሳ ቤዙን በሚያወጣው ክፍል ዙሪያ ያለው የስፖንጅ ቀለበት በጣቴ ስነካው እንደ ደረቀ ቅጠል ተፈረፈረ። ይህ ቀለበት በዕድሜ ይበሰብሳል፤ ሊቀየር ስለሚችል እርሱ ብቻ ቢሆን አይከፋም ነበር። ኮኑን፣ ማለትም እየተንቀሳቀሰ ድምፅ የሚያወጣውን ክብ ፊት፣ በሁለት እጄ ጣቶች መሀሉ አካባቢ በእኩል ግፊት በቀስታ ወደ ውስጥ ስገፋው ግን ከውስጥ አሸዋ ላይ የተጎተተ ወረቀት የመሰለ የመፋቅ ድምፅ ሰማሁ፤ ከኮኑ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅልል ከማግኔቱ ጋር እየተነካካ ነበር ማለት ነው። ሻጩ አልመልስም አለ፣ ገንዘቤም ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያገለገለ ስፒከር ስገዛ መጀመሪያ መሸፈኛውን አነሳለሁ፣ ቀለበቱን አያለሁ፣ ኮኑን ገፍቼ አዳምጣለሁ፤ ዘፈኑ የመጨረሻው ነው።

የቀረውን ገንዘብ በቅደም ተከተል መደብኩት። አብዛኛው የፊልም ንግግር የሚወጣው ከመሀለኛው፣ ሴንተር ከሚባለው ስፒከር ስለሆነ በመጀመሪያ እርሱን፣ ቀጥሎም ከእርሱ ጋር የአንድ ምርት ቤተሰብ የሆኑ ሁለት የፊት ስፒከሮችን ገዛሁ። ሦስቱ የአንድ ቤተሰብ መሆናቸው ተዋናዩ ከስክሪኑ ግራ ወደ ቀኝ እየተናገረ ሲሄድ የድምፁ ቀለም እንዳይለወጥ ያደርጋል። ሰብዉፈሩን ከሦስት ወር በኋላ፣ የኋላዎቹን ሁለት ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ ጨመርኩ። አንድ ላይ ብገዛቸው ኖሮ አምስቱም ደካማ ይሆኑብኝ ነበር።

አቀማመጡ ከግዢው ይልቅ ብዙ አስተምሮኛል። ሴንተሩን በቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ውስጥ፣ በመደርደሪያው ጀርባ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩትና ንግግሩ ከጉድጓድ የሚወጣ መሰለ። ሁለት ቀን ሜኑ ውስጥ ስፈልግ ከረምኩ። መፍትሔው ግን እጄ ላይ ነበር፦ ስፒከሩን ጎትቼ ፊቱ ከመደርደሪያው ጠርዝ በጣት ስፋት እንዲያልፍ አደረግሁ፣ ከፊት ለፊት በታቹ ሁለት ቁራጭ ጎማ አስገብቼም ወደ ጆሯችን ቀና አደረግሁት። መደርደሪያው ድምፁን እያንጸባረቀ ያደበዝዘው ነበር። በዚያ ምሽት እናቴ የተከታታይ ድራማ አንድ ሙሉ ክፍል አይታ አንዴም አልጠየቀችኝም፤ እኔም ስለ ድምፁ ምንም አልነገርኳትም፣ ዝም ብዬ አየኋት።

የግራና የቀኙን ስፒከር ለማስቀመጥ ክር ተጠቀምኩ። ከመቀመጫዬ፣ ጭንቅላቴ ከሚያርፍበት ቦታ እስከ እያንዳንዱ ስፒከር እኩል ርዝመት ያለው ክር ወጠርኩና በሁለቱ መካከል ያለውንም ርቀት ከዚያው ርዝመት ጋር አስተካከልኩ። ሦስት እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ሲሆን እያንዳንዱ ስፒከር ከመሀሉ መስመር 30 ዲግሪ ላይ ይውላል፤ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለባለ አምስት ቻናል ድምፅ የሚመክረውም ይህንኑ ነው። የኋላዎቹን በ110 ዲግሪ አካባቢ፣ ማለትም ከጎኔ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከጆሮዬ ከፍታ ጥቂት ከፍ አድርጌ ሰቀልኳቸው።

ለገመድ ውድ ነገር አልገዛሁም። 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ገመድ እስከ 8 ሜትር ድረስ ለ8 ኦም ስፒከር ይበቃል። ሆኖም ርካሽ ገመድ አንዳንዴ በመዳብ የተለበጠ አልሙኒየም ስለሆነ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጎ ውስጡ ነጭ አለመሆኑን ማየት ይገባል። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ማሳሳትም ቀላል ነው። አንዱ ስፒከር ከተገለበጠ ምንም አይቃጠልም፤ ቤዙ ግን ይሳሳል፣ ከመሀል መምጣት ያለበት ድምፅም የት እንዳለ አይታወቅም። የትኛው ጫፍ የትኛው እንደሆነ ሲጠፋብኝ ገመዱን ከሪሲቨሩ ፈትቼ ጫፎቹን ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት አስነካሁ፤ ኮኑ ወደ ውጭ ከወጣ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ የዋለው ጫፍ ፖዘቲቭ ነው።

ይህን ሁሉ አድርጌ፣ የኋላ ስፒከሮቹም ተሰቅለው፣ ሦስት ሳምንት ያህል በባለ ሁለት ቻናል ድምፅ ስሰማ ነበር። የሪሲቨሩ ማሳያ ፒሲኤም የሚል ጽሑፍ እያሳየኝ ነበር፤ እኔ ግን የሥሙ ትርጉም ስላልገባኝ አለፍኩት። በቴሌቪዥኑ የድምፅ ሜኑ ውስጥ የዲጂታል ድምፅ መውጫው ፒሲኤም ላይ ስለነበረ ቴሌቪዥኑ ባለ 5.1 ድምፁን ወደ ሁለት ቻናል አሳንሶ እየላከ ኖሯል። ድምፁን ሳያሳንስ እንዳለ የሚልከውን፣ ቢትስትሪም የሚለውን ስመርጥ ማሳያው ላይ ዶልቢ ዲጂታል የሚል ወጣ፣ ሴንተሩም የእውነት የራሱን ድምፅ ማውጣት ጀመረ። እስከዚያ ሪሲቨሩ ከሁለቱ ቻናል እየገመተ ነበር የሚመግበው። ሥርዓቱን አዲስ የገጠመ ሁሉ ስፒከሩን ከመውቀሱ በፊት ያንን ማሳያ እንዲያነብ አጥብቄ እመክራለሁ፤ የኤችዲኤምአይ ኬብሉም በሁለቱም በኩል ኤአርሲ በሚለው ቀዳዳ መግባቱን ይይ።

ሰብዉፈሩ የመጣ ቀን ባዶ ባገኘሁት ጥግ አስቀመጥኩት፤ ቤቱ ይንቀጠቀጣል፣ የወንድ ድምፅ ሁሉ ደግሞ በርሜል ውስጥ እንደሚናገር ሰው ይጎላል። ምክንያቱ የክፍሉ ስፋት ነው። ሳሎኔ 4.8 ሜትር ይረዝማል፤ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ በዚህ ርዝመት ውስጥ 36 ኸርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ከግድግዳው አጠገብ ይጠነክራል፣ በክፍሉ መሀል ደግሞ ሊጠፋ ይቀርባል። ሶፋዬ የኋላውን ግድግዳ ተደግፎ ስለነበር እኔ የምቀመጠው ድምፁ ከሚጠነክርበት ቦታ ነበር። ሁለት ነገር አደረግሁ። ሶፋውን 50 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ሳብኩት። ከዚያም ሰብዉፈሩን ሶፋው ላይ፣ እኔ የምቀመጥበት ቦታ አስቀምጬ ቤዙ የሚራመድ ዘፈን ከፈትኩና በጉልበቴ እየዳህኩ በግድግዳው ዙሪያ አዳመጥኩ። ከጥጉ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ እያንዳንዱ የቤዝ ኖታ እኩል የሚሰማበት ቦታ አገኘሁ፤ ሰብዉፈሩም እዚያ ሄደ። በሪሲቨሩ ላይ ስፒከሮቹን ሁሉ «ትንሽ» ወደሚለው ምርጫ ቀይሬ መከፋፈያውን 80 ኸርዝ ላይ አደረግሁት፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ወደ ሰብዉፈሩ ይሄዳል፣ ትንንሾቹ ስፒከሮችም ሸክማቸው ይቀላል። በሰብዉፈሩ ጀርባ ያለው የራሱ መቁረጫ ግን እስከ መጨረሻው መከፈት አለበት፤ አለበለዚያ ድምፁ ሁለት ጊዜ እየተቆረጠ በመሀል ክፍተት ይፈጠራል።

የመለኪያ ማይክሮፎኑ ጥሩ ሥራ ቢሠራም በጭፍን አላምነውም። ርቀቱን በሜትር ስለካ አብዛኛውን በትክክል አግኝቶታል፤ ሰብዉፈሩን ግን ከእውነተኛው ርቀት አንድ ሜትር አርቆ ጻፈ፣ ይህም ስህተት ሳይሆን በሰብዉፈሩ ውስጥ ድምፁ የሚዘገየውን ለማካካስ ስለሆነ ተውኩት። የሴንተሩን መጠን ግን በ2 ዴሲቤል ጨመርኩ። ማታ ማታ ደግሞ ፍንዳታውንና ሹክሹክታውን የሚያቀራርበውን የሌሊት አማራጭ እከፍታለሁ። ከመለኪያው ቀጥሎ ንግግሩን የበለጠ ያጠራው በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መካከል ባዶ ወለል ላይ ያነጠፍኩት ወፍራም ምንጣፍ ነው።

ባለፈው ወር መብራት ሄዶ ሲመለስ ሪሲቨሩ ሁሉንም ረስቶ አገኘሁት። ርቀቶቹን፣ የየስፒከሩን መጠንና መከፋፈያውን ከማስታወሻዬ ለመሰብሰብ አንድ ምሽት ፈጀብኝ፤ የሴንተሩን መጠን የጻፍኩበትን ግን አላገኘሁትም፣ እናቴን አጠገቤ አስቀምጬ ንግግሩ እስኪመቻት ድረስ አንድ አንድ ዴሲቤል እየጨመርኩ እንደገና አገኘሁት። አሁን ቁጥሮቹ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው በቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ተለጥፈዋል፦ ሴንተር ፕላስ 2፣ ግራና ቀኝ ዜሮ፣ መከፋፈያ 80፣ የድምፅ መውጫ ቢትስትሪም።