ፈረሴ ደክማለች

ዛሬ ፌርማታዬን አለፍኩት። ታክሲው ውስጥ መስኮት ጥግ ነበርኩ፤ ዝናቡ መስታወቱን ይደበድበዋል፣ የረዳቱ ጩኸት ከሩቅ ይሰማኛል። «ወራጅ አለ» ማለት የነበረብኝ ቦታ መቼ እንዳለፈ አላውቅም። ዓይኔ ክፍት ነው፣ አልተኛሁም። ብቻ እዚያ አልነበርኩም።

እምዬ ትዝ አለችኝ።

እምዬ ባለዛር ነበረች። ዓመቱን ሙሉ ድምጿ አይሰማም፣ አባባ ሲናገር መሬት መሬት ታያለች። የዛሩ ሌሊት ግን ሌላ ነው። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ይፈላል፣ ሴቶቹ ያጨበጭባሉ። መጀመሪያ ታዛጋለች። ቀጥሎ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ታጓራለች፤ ሻሿ ይወድቃል፣ አንገቷን ስታሽከረክረው የሚቀነጠስ ይመስለኝ ነበር።

ከአፏ የሚወጣው የወንድ ድምፅ ነው። እሷን «ፈረሴ» ይላታል። ባለዛር የዛሩ ፈረስ ናትና፣ እሱ ነው የሚጋልባት። አንድ ሌሊት «ፈረሴ ደክማለች! ውኃ በጀርባዋ እስከ መቼ ነው?» ብሎ ጮኸ። አባባ ብድግ አለ፤ ኩታውን አደግድጎ «እሺ ጌታዬ» አለ። አባባ! እሷ ራሷ ብትለው ኖሮ ቀና ብሎም አያያትም።

የዚያን ሌሊት ከማጨሻው የወደቀ ፍም ረግጣለች። ዞር ብላም አላየችው። ጠዋት እግሯን ይዛ «ምን አገኘኝ?» ትለናለች። ስለዚህ «ማስመሰል ነው» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ቁስሉን ቅቤ የቀባሁላት እኔ ነኝ።

ሚሼል ሌሪስ የሚባል ፈረንሳዊ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ውስጥ መልካም አየሁ የተባለች የዛር አዋቂ ቤት ለወራት ተመላልሷል። ያየውን የሚኖሩት ቲያትር ብሎ ጠራው፣ ለተመልካች ከሚጫወቱት ለይቶ። ደስ የሚል አባባል ነው። እኔን ግን አይበቃኝም፤ በዚያ ሰዓት የምትኖረው ማን ናት?

እምዬ የምትነግረን ሌላ ነበር። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። እግዜር ሊያያቸው ሲመጣ፣ ዓይን እንዳይበላባት ፈርታ 15ቱን ቆንጆዎች ሸሸገች። እንደተሸሸጉ ይቅሩ ተባለ። ዛሮቹ እነሱ ናቸው። «ወንድሞቻችን እኮ ናቸው» ትላለች፣ ጥጧን እየፈተለች።

ኋላ ጠበል ወሰዷት። ለቀቃት ተባለ። ከዚያ ወዲያ ደክሟት እንደሆነ የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

አሁን ከዓይኔ የማይጠፋው ግን ዛሩ «ፈረሴ ደክማለች» ያለበት ሳምንት ቅዳሜ ነው። አባባ ከገበያ አህያ እየነዳ መጣ። የውኃ መጫኛ። እምዬ በር ላይ ቆማ «የማን ናት?» አለች፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው። ከዚያ ቀረብ ብላ አንገቷን ደባበሰቻት። ቀስ ብላ፣ ደጋግማ።

ታውቅ ነበር እንዴ?