ፊቱ የጠፋ የሮማ ሳንቲም እንዴት ይለያል?

የጥንት የሮማ ሳንቲም እሰበስባለሁ ስል ሰው ቶሎ ወርቅ ይታየዋል። የኔዎቹ ግን ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጡ፣ አረንጓዴና ጥቁር የለበሱ ነሐሶች ናቸው። እዚህ ለንደን አንዱን ከምሳ ባነሰ ዋጋ ማግኘት ይቻላል። በ4ኛው መቶ ዘመን በገፍ ስለተመቱ ዛሬም ከመሬት በብዛት ይወጣሉ። አብዛኞቹ ታዲያ ተፍቀው አልቀዋል። ፊት የለ፣ ጽሑፍ የለ።

ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የየትኛው ንጉሥ ነው?" ብሎ ነው። እኔ ይህን ጥያቄ ወደ መጨረሻ ገፋሁት፤ ነገሩ የቀለለኝም ያኔ ነው። ፊት ጎላ ብሎ ስለሚወጣ ቀድሞ የሚፋቀው እሱ ነው። ቢተርፍ እንኳ የታላቁ ቆስጠንጢኖስና የልጆቹ መልክ ሳንቲም ላይ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ስማቸውም አይረዳም፤ የአባትየውም የሦስቱ ልጆችም ስም የሚጀምረው በ"ኮንስታን" ነው። ከጽሑፉ የተረፈው ይህ ብቻ ከሆነ በቃ፣ ራስ ምታት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ እለካለሁ። ካሊፐር (የስፋት መለኪያ) እና የወርቅ ሠሪ ዓይነት ትንሽ ሚዛን ይበቃል። ከ20 ግራም በላይ የሚመዝን ትልቅ ነሐስ ከሆነ ሴስተርሺየስ ወደሚባለው የሮማ ገንዘብ አስባለሁ፤ ከ1ኛው እስከ 3ኛው መቶ ዘመን ማለት ነው። 20 ሚሊሜትር አካባቢ ሆኖ ጭንቅላቱ ላይ የሾለ የፀሐይ ጨረር ዘውድ ካለው አብዛኛውን ጊዜ የ3ኛው መቶ ዘመን ነው። 15 ወይም 17 ሚሊሜትር፣ 2 ግራም ቢጠጋ ነው? እንግዲያው 4ኛው መቶ ዘመን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ቀጥሎ መብራት። ክፍሉን አጨልሜ የስልኬን ባትሪ ከጎን፣ ከጠረጴዛው እኩል ዝቅ አድርጌ አበራለሁ። ሳንቲሙን ቀስ እያልኩ ሳዞረው የሌለ የመሰለው መስመር ጥላ ይጥላል። ከላይ ካበሩበት ግን ምንም አይታይም።

አሁን ጀርባው። ደስ የሚለው ነገር የዚያን ዘመን የጀርባ ሥዕሎች ጥቂትና ተደጋጋሚ መሆናቸው ነው። ቅርጹን ብቻ መልመድ ይበቃል። ሁለት ወታደሮች ፊት ለፊት ቆመው መሃላቸው ሁለት የጦር ሰንደቅ ካለ ከ330 እስከ 335 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሰንደቁ አንድ ከሆነ ከ335 እስከ 341። ሁለት ባለ ክንፍ ሴቶች ከተያዩ 347 እና 348። ንጉሥ ምርኮኛ እየጎተተ ከሆነ በአብዛኛው ከ364 እስከ 378። ወታደር ከፈረሱ የሚወድቅ ሰው ላይ ጦር ሲሰብቅ ከታየ ደግሞ ከ348 በኋላ ነው። ይህን ዓይነት በተለይ እወደዋለሁ። አብዛኞቹ ከሦስቱ ልጆች የአንዱ፣ የቆንስጣንጥዮስ ናቸው፤ ለኢዛናና ለሳይዛና ስለ ፍሬምናጦስ ደብዳቤ የጻፈው ያው ንጉሥ። ያ ደብዳቤ ሲላክ ገበያ ላይ ይዞር የነበረ ገንዘብ እጄ ላይ አለ ማለት ነው።

አንዱን ላሳያችሁ። 16 ሚሊሜትር፣ 1.5 ግራም። ፊቱ ላይ የቀረው አንገቱና ከማጅራቱ የተንጠለጠለ የዘውድ ማሰሪያ ጥብጣብ ነው። በቀኝ ጠርዙ "አውግስጦስ" ለሚለው የዋና ንጉሥ ማዕረግ የሚቀረጹት የመጨረሻ ፊደላት ጭላንጭል አለ። ጀርባው ላይ ሁለት ቀጫጭን ቋሚ ነገሮች፣ መሃላቸው አንድ ዘንግ፣ ጫፉ ላይ አራት ማዕዘን ጨርቅ። ወታደሮቹና አንድ ሰንደቅ! ከሥዕሉ በታች፣ ከመስመሩ ሥር፣ "ቲ፣ አር፣ ፒ"። "ቲ፣ አር" የተመታበት ከተማ ነው፤ ትሪር፣ የዛሬዋ ጀርመን፤ "ፒ" አንደኛው ወርክሾፕ ማለት ነው። እንግዲህ ከ335 እስከ 341 ትሪር ውስጥ ተመትቷል። ማዕረጉ አውግስጦስ ስለሆነ ወይ ቆስጠንጢኖስ ከ337 በፊት፣ ወይ ከሦስቱ ልጆቹ አንዱ ከዚያ በኋላ። እዚያ ላይ አቆምኩ።

ማቆም ነውር አይደለም። ሪቻርድ ሪስ የተባሉ አርኪዮሎጂስት ብሪታንያ ውስጥ የሚገኙ የሮማ ሳንቲሞችን በ21 ዘመን ከፍለዋቸዋል። ባለሙያዎቹም ንጉሡን መለየት ሲያቅታቸው የዘመኑን ቁጥር መዝግበው ያልፋሉ። የኔው ቁጥር 17 ነው፣ ከ330 እስከ 348። ባለሙያ የሚበቃው ለእኔ የማይበቃበት ምክንያት የለም።

ማጽዳትን በተመለከተ ሎሚና አቼቶ የሚመክራችሁን ሰው አትስሙ። በተበላ ሳንቲም ላይ የቀረው ፊደል ብዙ ጊዜ ያለው አረንጓዴው ሽፋን ላይ ነው፤ እሱን ያነሳ አሲድ ጽሑፉንም ይዞት ይሄዳል። ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ውሃውን መቀየር፣ አፈሩን በስቴኪኒ መነካካት። ሳምንታት ይፈጃል፣ ይፍጅ።

ለማመሳከር የአሜሪካ ኑሚስማቲክ ሶሳይቲ (የሳንቲም ጥናት ማኅበር) ያዘጋጀው "ኦክሬ" የተባለው የኢንተርኔት ማውጫ ነፃ ነው። እርግጠኛ የሆንኩበትን ብቻ አስገባለሁ፤ ከተማውንና ዘመኑን። ግምት ከጨመርኩበት ግምቴን መልሶ ነው የሚያሳየኝ።

ጓደኞቼ "ለምን የአክሱምን አትሰበስብም?" ይሉኛል። ቅርጽ የለመደ ዓይን እዚያም ይሠራል፤ የአክሱም የወርቅ ሳንቲም ቢፋቅ እንኳ ንጉሡን ግራና ቀኝ ያቀፉት ሁለት የእህል ዛላዎች፣ ኢዛና በቀድሞው የጨረቃ ምልክት ፈንታ ያስገባው መስቀልም ይለያሉ። ግን ውድ ነው፣ ቅርስ ከኢትዮጵያ ማስወጣትም በሕግ የተከለከለ ነው። እንዴት እንደወጣ የማይታወቅ ነገር ቤቴ እንዲገባ አልፈልግም። ለሮማውም ያው ነው። ስገዛ ጀርባው በግማሽ የሚታይ ነጠላ ሳንቲም እመርጣለሁ፤ በኪሎ የሚሸጠው ደህና ደህናው ተለቅሞ የቀረ ነው። ከየት እንደመጣም እጠይቃለሁ። ሻጩ ከተቆጣ ዋጋ አልከራከርም፣ ወደ ሌላው እሄዳለሁ።